ከዎልፍ ጎዳና እስከ ዲሞ

ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ወደ ባልቲሞር የሚሄደው ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶቼ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባቸው የሚያሳዩት ዋይት ሐውስን፣ የሊንከንን መታሰቢያ፣ ጊዜ ከተረፋቸውም የናያግራን ፏፏቴ ነው። "ባልቲሞር ምን ልታይ ነው?" አሉኝ። የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ልቤ ግን አስቀድሞ ሄዷል። አዲስ አበባ ሳለሁ የዓለም ጤና ድርጅት በ1988 ያሳተመውን፣ ከ1,400 ገጽ በላይ ያለውን የፈንጣጣ መጥፋት ታሪክ ማንበብ ጀምሬ፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚያወራው ክፍል ላይ ስደርስ ሌሊቱ ነግቶብኛል። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከመጽሐፉ ጸሐፊዎች አንዱ ዶክተር ዶናልድ ሄንደርሰን ናቸው። ዘመቻውን ከጄኔቫ መሩ፤ ከዚያ ባልቲሞር ገብተው እሳቸው ራሳቸው የተማሩበትን ትምህርት ቤት በዲንነት ያዙ። ኋላም መንግሥት ሲጠራቸው ተመልሰው ሄዱ። እኔ ያንን ትምህርት ቤት በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ፔን ስቴሽን ወርጄ ወደ ምሥራቅ ባልቲሞር ሳቀና፣ ቀይ የጡብ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ደረጃቸውን ወደ መንገዱ አውጥተው ቆመዋል። የአንዳንዶቹ መስኮት በጣውላ ተመትቷል። ድህነት እዚህ ሰፈር ውስጥ የቆየ ነዋሪ መሆኑን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ጥቂት እንደሄድኩ በ1889 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ጉልላት ታየኝ። ከጉልላቱ ሥር እጆቹን የዘረጋ ትልቅ የክርስቶስ የእምነበረድ ሐውልት አለ። አስታማሚዎች ሲያልፉ የእግሩን ጣት ይነካሉ። አንዲት ሴትዮ ልጇን ታቅፋ መጥታ ነክታ ስትሄድ እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ያቺ እናት የምትፈልገው አንድ ልጇን የሚያድንላት አንድ ሐኪም ነው። ሆስፒታሉ የተሠራውም ለዚህ ነው።

የዎልፍን ጎዳና ሲሻገሩ ግን ሌላ ዓይነት ሕክምና ይጀምራል። በ1916 የተመሠረተው የጆንስ ሆፕኪንስ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት እዚያ ነው። ይህ ትምህርት ቤት የሚናገረው ስለ አንድ ታማሚ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ሚሊዮኖችን ስለማዳን ነው፤ መፈክሩም ይኸው ነው። መሥራቹ ዊልያም ዌልች ከመንገዱ ወዲያ ያለው የሕክምና ፋኩልቲም የመጀመሪያ ዲን ነበሩ። በስማቸው በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠዓሊው ጆን ሲንገር ሳርጀንት በ1906 የሣለው፣ አራት ሐኪሞችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያሳይ ግዙፍ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ዌልች ከአራቱ አንዱ ናቸው። በሕክምናው ዓለም ስማቸው የከበረ ሰው በስተእርጅናቸው ሐኪም በሽተኛን ከማከም አልፎ ውኃን፣ ምግብን፣ ቁጥርንና ሕግን ጭምር እንዲማር ብለው አዲስ ትምህርት ቤት መክፈታቸው ያስደንቀኛል። ያን ጊዜ ይህ ነገር ለብዙ ሐኪም ቁም ነገር አይመስልም ነበር።

ሄንደርሰን ከዚህ ትምህርት ቤት በ1960 በማስተርስ ተመርቀዋል። ኦሃዮ ውስጥ ሌክዉድ በምትባል ከተማ በ1928 የተወለዱ፣ ወላጆቻቸው ከካናዳ የመጡ፣ ረጅምና ድምፀ ጎርናና ሰው ነበሩ። በ1954 ከሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ከተመረቁ በኋላ የውትድርና ግዴታቸውን የሚወጡበትን መንገድ ሲፈልጉ፣ በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል አሌክሳንደር ላንግሙር ያቋቋሙት የወረርሽኝ መርማሪዎች ክፍል ውስጥ ገቡ። የክፍሉ ዓርማ የተበሳ የጫማ ሶል ነው፤ መርማሪው ቤት ለቤት ሲዞር ጫማው ያልቃል ማለት ነው። ልብ ሐኪም የመሆን ሐሳብ የነበራቸው ወጣት እዚያው ቀሩ። ለእኔ የዚህ ሰው ታሪክ የሚጣፍጠው ከዚህ ጀምሮ ነው። ግዴታን ለመወጣት የገቡበት በር የዕድሜ ልክ ቤታቸው ሆነ።

በ1966 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣን በአሥር ዓመት ውስጥ ከምድር ለማጥፋት የሚያስፈልገውን በጀት በሁለት ድምፅ ብልጫ ብቻ አጸደቀ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ብራዚላዊው ማርሴሊኖ ካንዳው ሥራው ይሳካል ብለው አያምኑም ነበር። ሄንደርሰን ራሳቸው ኋላ ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ካንዳው ዘመቻውን አሜሪካዊ እንዲመራው የፈለጉት ሲከሽፍ ጥፋቱ በአሜሪካ ላይ እንዲያርፍ ነው። ለዚህ የተመረጡት ሄንደርሰን ጄኔቫ ሲገቡ ዕድሜያቸው 38 ነበር። ፈንጣጣ ያን ጊዜ በየዓመቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን ሰው ያስይዝ፣ ወደ 2 ሚሊዮን የሚሆነውን ይገድል ነበር። ከሞት የተረፈው ፊቱ ይቦረቦራል፤ ዓይኑ የሚጠፋም ብዙ ነው። የሶቪየት ኅብረት ሐኪም ቪክቶር ዥዳኖቭ ይህን በሽታ እናጥፋ ብለው በ1958 ለጉባኤው ሐሳብ ካቀረቡ ጀምሮ አገራቸው ክትባቱን በገፍ ትሰጥ ነበር። የቀዝቃዛው ጦርነት ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ብልቃጥ ላይ ተስማሙ። አሜሪካዊው የመንግሥት ሐኪም ከሶቪየቶች ጋር ተግባብቶ መሥራቱ ብቻውን ትልቅ ችሎታ ይመስለኛል።

መሣሪያቸው ትንሽ ነበረች። ቤንጃሚን ሩቢን የተባለ ተመራማሪ የሠራት፣ ጫፏ ሁለት ጥርስ ያላት መርፌ ናት። ክትባቱ ውስጥ ስትነከር በጥርሶቿ መካከል አንድ ጠብታ ትይዛለች፤ ከዚያ ክንድን ፈጠን ፈጠን አድርጎ 15 ጊዜ መውጋት ነው። አንድ ሰው በአጭር ጊዜ ተምሮ ሊከትብባት ይችላል፤ ተቀቅላ ደግማ ደጋግማ ታገለግላለች፤ ክትባቱንም ትቆጥባለች። ክትባቱ ራሱ በቅዝቃዜ የደረቀ ዱቄት ስለነበር የበረሃ ሙቀት ቶሎ አያበላሸውም። ዘዴውም ተለወጠ። ምዕራብ አፍሪካ ላይ ዶክተር ዊልያም ፌጊ በ1966 መጨረሻ ክትባት ሲያጥራቸው ሁሉንም ሰው መከተቡን ትተው፣ የታመመውን ፈልገው በዙሪያው ያለውን ብቻ ከተቡ፤ በሽታውም መሄጃ አጣ። ዘመቻው ከዚያ በኋላ "ስንት ሰው ከተብን?" የሚለውን ትቶ "በሽታው የት ቀረ?" ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ይህ የጥያቄ ለውጥ ነው ዓለምን ያዳነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹና ከከባዶቹ አገሮች አንዷ ነበረች። ዘመቻው በ1971 ሲጀመር የመንግሥት ትኩረት ወባ ላይ ነበር። ያኔ በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ የሚገድለው ጥቂቱን ብቻ ስለነበረ ብዙ አላስቸኮለም። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ታማሚ ተመዘገበ፤ ይህን ሁሉ ያገኙት ከጥቂት ደርዘን ሰዎች የተነሡ ቡድኖች ናቸው። በኢትዮጵያ በኩል ፕሮግራሙን የመሩት አቶ የማነ ተከስተ ነበሩ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶችም ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አብረው ተጉዘዋል። በመኪና የሚደረስበት መንገድ ያልቃል፤ ከዚያ በቅሎ ነው፤ በቅሎው ሲደክም እግር ነው። ገበያ እየጠበቁ፣ ትምህርት ቤት እየገቡ "እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?" ብለው ይጠይቃሉ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳም ሥራው አልቆመም። ሄሊኮፕተሮች ተተኩሶባቸዋል፤ አንድ አብራሪ ታግቶ ሳለ አጋቾቹን እንደከተበ በዘመቻው ታሪክ ውስጥ ይነገራል።

ይህን በቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳነብ ባልቲሞር መሆኔን ረሳሁ። የማውቃቸው የቦታ ስሞች እየተነሡ ካርታ ላይ ነጥብ ሆነው ተበትነዋል፤ ነጥቦቹ ከዓመት ዓመት እየሳሱ ይሄዳሉ። በ1971 ካርታው ጥቁር ነው። በ1976 ጥቂት ነጥብ ብቻ ኦጋዴን ውስጥ ቀርታለች። የመጨረሻዋ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ዲሞ በምትባል የአርብቶ አደር መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ሕፃን ናት። አንድ የሕክምና ካርታ እንባ ያመጣብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሼ ያየሁትን ሳወራ፣ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡት የዘመዴ ሚስት አባት ቀና አሉ። የምሥራቅ ጎጃም ሰው ናቸው።

"አባባ፣ ፈንጣጣን ያስታውሳሉ?" አልኳቸው።

"እንዴት አላስታውስ ልጄ! እኔ እኮ ሁለቴ ተከትቤያለሁ" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "ይቺ የአባቴ ናት። ከታመመ ሰው መግል አምጥተው ክንዴን በጥተው አደረጉብኝ። አንዳንዱ ልጅ በዚያው ይሞት ነበር። ይቺኛዋ ደግሞ በቅሎ ጭነው የመጡት ልጆች ናት። ተከትቤያለሁ ብላቸው ይህ አይቆጠርም አሉኝ። ሰዉ ሸሽቶ ነበር። ቄሱ ቀድመው ክንዳቸውን ሲሰጡ ነው የተመለሰ።"

"መርፌዋስ?"

"ሁለት ጥርስ ነበራት" አሉ፣ ጣታቸውን እየቀሰሩ። "እንደ እባብ ምላስ።"

ባልቲሞር መጽሐፍ ላይ ያየኋት መርፌ በእኚህ ሰው ክንድ ላይ አለች። በመግል የመከተቡ ልማድ በደጋው አገራችን ለረጅም ዘመን የኖረ፣ ከክትባት በፊት የተገኘ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ራሱ በሽታውን ሊያዛምት ስለሚችል ዘመቻው ከዚህ ጋርም መታገል ነበረበት። የፈንጣጣ ሠራተኞች የአባባን አባት አላዋቂ አላሏቸውም፤ የተሻለ ነገር ይዘው መጡ እንጂ። ከካህን፣ ከባላባት፣ ከባላገር ጋር መነጋገርን ያወቀ የጤና ሠራተኛ ያለ ጠመንጃ መንደር ይከፍታል።

ሰውየው ከጎጃም ተነሥተው ሜሪላንድ ጥግ ላይ ቁጭ እንዳሉ ሁሉ፣ የኢትዮጵያ ዘመቻ ሰዎችም መንገዳቸው ወደዚህ አምጥቷቸዋል። በማግስቱ በዋሽንግተን ቨርጂኒያ አቬኑና 23ኛው መንገድ የሚገናኙበት ቦታ ሄድኩ። የፓን አሜሪካን ጤና ድርጅት ሕንፃ እዚያ ነው፤ ኡሩጓያዊው ሮማን ፍሬስኔዶ ሲሪ የነደፉት፣ በ1965 የተከፈተ፣ ፎቁ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ከፊቱ ክብ አዳራሽ ያለው ውብ ሕንፃ ነው። እዚህ የሠሩት ዶክተር ሲሮ ዴ ኳድሮስ ናቸው። ደቡባዊ ብራዚል በ1940 ተወልደው፣ በ30 ዓመታቸው ኢትዮጵያ መጥተው፣ እስከ 1976 የዘመቻው ዋና ኤፒዲሚዮሎጂስት ሆነው አገልግለዋል። ተራራችንን በእግራቸው አውቀውታል። ከዚያ ወደ አሜሪካ አህጉር ተመልሰው ፖሊዮን ከሰሜን እስከ ደቡብ ለማጥፋት የተነሣውን ሥራ መሩ። ሥራው በ1985 ታወጀ። በኤል ሳልቫዶር ጦርነት መሐል ሕፃናት እንዲከተቡ ተኩስ የሚቆምበት ቀን ተቆረጠ። የመጨረሻው ታማሚ በ1991 ፔሩ ውስጥ ተገኘ፤ በ1994 አህጉሩ ከፖሊዮ ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ የሁለቱ ሰዎች መንገድ መልሶ ይገናኛል። የፖሊዮውን ሥራ የሚያማክረውን የባለሙያዎች ቡድን በሊቀመንበርነት የመሩት ያን ጊዜ በሆፕኪንስ ዲን የነበሩት ሄንደርሰን ናቸው። ዲኑ ከባልቲሞር ይመጣሉ፤ የኢትዮጵያው ባልደረባቸው ዋሽንግተን ሆነው ካርታውን ይዘረጋሉ። ሲሮ ዴ ኳድሮስም በበኩላቸው በሆፕኪንስና በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎች አስተምረዋል። እነዚህ ሐኪሞች እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከመንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ መንግሥት ሲመላለሱ ነው ጨርቁ የተሠራው። መንግሥት ሥልጣንና በጀት ይሰጣል፤ ወባን ነው ወይስ ፈንጣጣን የምናስቀድመው ብሎ የሚወስንም እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጊዜ ይሰጣል፤ ያለፈውን ስሕተት በሰከነ ልብ መርምሮ ለሚቀጥለው ትውልድ ያስተላልፋል። አንዱን ብቻ የያዘ ሐኪም ጎዶሎ ይቀራል። መስክ ያልወረደ ፕሮፌሰር የሚያስተምረው የሰማውን ነው፤ ወደ ክፍል ያልተመለሰ ባለሥልጣን ደግሞ እውቀቱ ከወንበሩ ጋር ይቀራል።

ሄንደርሰን የሆፕኪንሱ ትምህርት ቤት ዲን የሆኑት በ1977 ነው፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሶማሊያ ውስጥ መርካ ከተማ አንድ ወጣት የሆስፒታል ምግብ አብሳይ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘ የመጨረሻው ሰው ሆነ፤ ዳነም። ግንቦት 8 ቀን 1980 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ መጥፋቱን አወጀ። ሄንደርሰን ዲንነቱን እስከ 1990 ይዘው ቆዩ። ከዚያ ዋይት ሐውስ በሳይንስ ፖሊሲ ቢሮ ውስጥ፣ ቀጥሎም በጤና ሚኒስቴር ሠሩ። በ1998 ሆፕኪንስ ተመልሰው ሰው ሠራሽ ወረርሽኝ ቢነሣ ሕዝብ እንዴት ይጠበቃል የሚለውን የሚያጠና ማዕከል መሠረቱ። መስከረም 2001 ኒው ዮርክ ከተመታ በኋላ መንግሥት በ73 ዓመታቸው እንደገና ጠራቸው፤ የኅብረተሰብ ጤና ዝግጁነት ቢሮውን የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነው ያዙ። በ2002 ከፕሬዚዳንቱ የነጻነት ሜዳልያ ተሸለሙ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የወደድኩላቸው ግን አንድ ነገር ነው። በላቦራቶሪ የቀረው የፈንጣጣ ቫይረስ፣ አንዱ አትላንታ ሌላው ሩሲያ፣ እንዲጠፋ እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል። በዝና አርፎ መቀመጥ ሲችሉ የራሳቸውን መንግሥት ጭምር የማያስደስት አቋም ያዙ። ለሚወዱት ሥራ ታማኝ መሆን ይህ ይመስለኛል። ነሐሴ 19 ቀን 2016 በ87 ዓመታቸው እዚያው በባልቲሞር አጠገብ ቶውሰን ላይ አረፉ። ሲሮ ዴ ኳድሮስ ሁለት ዓመት ቀድመዋቸው ዋሽንግተን ላይ ሞተዋል።

ባልቲሞር በሄድኩበት ቀን የምመለስበትን ባቡር ስጠብቅ ስለ ጎንደር አስቤ ነበር። እኛም በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ይህንኑ መንገድ ጀምረን ነበር። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ግቢ አብረው ሠልጥነው፣ አብረው ወደ ወረዳ እንዲወርዱ የታሰበበት ኮሌጅ ነው። ሐሳቡ ከዎልፍ ጎዳናው ሐሳብ አያንስም፤ ለአገራችን ከተቆረቆሩት ተቋማት ሁሉ አስተዋይነት የታየበት ነው ብዬ አምናለሁ። የጎደለን የራሳችን ሰዎች የሠሩትን ጽፎ ማስተማር ነው። የአሜሪካው ዲን ትዝታቸውን በመጽሐፍ ጽፈዋል፤ ስማቸው በትልቁ ይነበባል። ዲሞ ድረስ በእግራቸው የተጓዙት ከታቢዎች፣ በቅሎ የጫኑት፣ ያስተረጎሙት፣ በአሸዋ ላይ ያደሩት ሠራተኞች ግን አብዛኞቹ በወጣትነታቸው ይህን አድርገው፣ ዛሬ አርጅተው በየቤታቸው ተቀምጠዋል። ያለ እነሱ የጄኔቫው ካርታ ነጥቡ አይጠፋም ነበር።

እባካችሁ፣ ከ1963 እስከ 1969 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በፈንጣጣ ዘመቻ የሠራ ሰው በቤተሰባችሁ ወይም በሰፈራችሁ ካለ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁት። የት እንደሄደ፣ ማን እንደተቀበለው፣ ማን እንዳባረረው ያጫውታችሁ፤ ድምፁን ቅዱ፤ ፎቶግራፉን ጠብቁ። የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቶቻችንም እነዚህን አዛውንቶች ወደ ክፍል ይጋብዙ፤ ተማሪው ከመጽሐፍ በፊት ከእነሱ ይስማ።